ዛጎል

ጁራንዲር ነው ስሜ፣ እጄን ጨው የበላው፣
የኦይስተርን መንጋጋ በቢላ የምፈታው፤
በፍሎሪያኖፖሊስ፣ ከደሴቱ ደቡብ፣
ባሕር ሲሸሽልኝ ዛጎል የምሰበስብ።

ከሚስቴ ከኔይዴ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሆነን፣
ማታ ሁለት ሰዓት ክኒን እየዋጥን፣
ቫይረሱን አስተኝተን እኛ እየተነሣን፤
"አልተገኘም" ያለንን የሆስፒታል ወረቀት
ፍሪጁ ላይ ለጥፈን፣ እንደ ልጅ ሰርተፊኬት።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ፣ ወጀብ ገመድ በጠሰ፣
ዕዳ እንደ ውሃ ሙላት ከጉልበቴ ደረሰ።
ኢታዣይ ወረድሁ፣ ወደቡ ዳር፣ ለቀን ሥራ፤
ክኒኔን ረሳሁ፤ ሌላም ረሳሁ፣ ከሌላ ሴት ጋራ።
(ረሳሁ ማለት ልማድ ነው፤ የረሳሁት የለም።)

ጥቅምት ላይ ደረቴ አንዲት ነጥብ አበቀለ፤
አያሳክክ፣ አያምም፤ "ትንኝ ነው" ብዬ ብተወው
ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ተተከለ፤
ከደረት ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ክንድ፣
ቅርፊት በቅርፊት ላይ፣ እንዳረጀ ግንድ፣
ከሥሩ እየመገለ፣ ከላይ እየደረቀ፣
ሌሊት ከአንሶላው ጋር እየተላቀቀ።
ጠዋት መስተዋት ፊት ሸሚዜን ስገልጥ፣
ሠላሳ ዓመት እጄ የሚያውቀው ቅርጽ፦
ግራጫ፣ ንብርብር፣ ጠርዙ የሚቆርጥ።
ዛጎል አበቀልሁ።
ቢላዬን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥሁት።

አንዱ ሐኪም "ሶሪያሲስ" ብሎ ቅባት ጻፈልኝ፣
ሌላው "ፈንገስ ነው" አለ፤ ቅባቱን ለወጠልኝ፤
ሦስተኛው የሥጋ ደዌ ጠርጥሮ
"ዓይንህን ጨፍን" ብሎ በጥጥ ነካካኝ።
ለቂጥኝም ደሜ ተመረመረ፤ ውጤቱ፦ የለም።
እፎይ አልሁ። ቅርፊቴ ግን እፎይ አላለም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ዙልሚራ የምትባል አሮጊት፣
ጡረታዋ የቀረበ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት፣
"ይህ ደም አልዋሸም" አለች፤ "ምስክር በዝቶበት ነው፤
መቶ ሰው ባንድ አፍ ሲጮህ ዳኛ ምኑን ይስማው?
በጨው ውሃ አቅጥኑት።"
አንድ ለሁለት። አንድ ለአራት። አንድ ለስምንት።
ዝም።
አንድ ለሠላሳ ሁለት፤ አንድ ለመቶ ሃያ ስምንት፤
ደሜ በቀጠነ ቁጥር ቃሉ ወፈረ።
ቂጥኝ።

ዶክተሯ እንዲህ አለች፦ "የሰውነት ዘብ ሲተኛ፣
ይህ ሌባ የሰው ካፖርት ለብሶ ይገባል እንደ ጓደኛ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤
እኔ በሽታዬን ደበቅሁት፤ እሱ እኔን መች ይደብቃል?
አፌ ሦስት ወር የዘጋውን ቆዳዬ ተናዘዘ፣
ያንን የኢታዣይ ሌሊት ከነቀኑ መዘዘ።

ኔይዴ ሳህን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋች።
"ስንት መርፌ ነው?" አለች።
"ሦስት፣ በየሳምንቱ።"
"ለኔስ?"
ቧንቧውን መልሳ ከፈተች።

የመጀመሪያው መርፌ የገባ ሌሊት አጥንቴ ተንቀጠቀጠ፤
ጥርሴ እንደ ወፍጮ ተፋጨ፣ ላቤ ፍራሹ ውስጥ ሰመጠ።
("ተሐዋስያኑ ሲሞቱ ነው፣ አይዞህ" ብላ ነበር ዶክተሯ።)
እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ዐረፈ፤ እጇን አወቅሁት፤
ፊቷን ግን በጨለማው ፈልጌ አጣሁት።

ቅርፊቱ በአራተኛው ሳምንት በየተራ ረገፈ፤
አንዱን በመዳፌ ያዝሁት፤ ቀላል ነው፤ ነፋስ ጠርጎት አለፈ።
ከሥሩ ሉል አልነበረም። የጠቆረ ክብ ብቻ፣
ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር የብርጭቆ ምልክት።

ዛሬም ሁለት ሰዓት ሲሆን ኔይዴ ክኒኗን ታወጣለች፤
የኔንም ከጎኑ ታስቀምጣለች።
ውሃውን ግን እንደ ድሮው አትቀዳልኝም፤
እኔው ነኝ የምቀዳው።